እሁድ እሁድ የሚደውል የምክር ቤት አባል

ከምክር ቤት አባላት ሁሉ የተሻለው ባዶ ወንበር ነው ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። አያንቀላፋም፣ ባልገባው ነገር አያጨበጭብም፣ ቃሉን አያጥፍም፤ ቃል ገብቶ አያውቅማ። ጽሑፉ በወጣ ሰሞን ጓደኛዬ ደወለልኝ።

«እኔን ነው?» አለኝ። ያኔ እሱ ሐዋሳን ወክሎ ከነዚያ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንተን አይደለም» አልኩት፤ «አንተ ስትነሳ የሚቀረውን ነው።»

ሳቀ። ሳቁ መጨረሻ ላይ ወደ ሳል ይዞራል። ሲጋራውን ትቶት ነበር፣ ሳሉ ግን አልተወውም።

ከዚያ ወንበሩ ባዶ ሆነ። አዲስ አበባ በተከራየው ቤት ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ወደቀ፤ ስብሰባ ሊሄድ ነበር። ቀብሩም እዚያው ተፈጸመ። ወደ ሐዋሳ የተመለሰው አንድ ሻንጣ ብቻ ነው። ያንን ቀልዴን ከዚያ ወዲህ ደግሜው አላውቅም። ሰዎች ግን ይደግሙልኛል፤ «እንዴት ያለ ነገር ነበር የጻፍከው!» ይሉኛል፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የአሳ ሾርባ እየጠጣን። እኔም «አዎ» እላለሁ፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል።

እናቱን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ልጃቸው በሞተ ሰሞን ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ «የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ» አለ። ሐኪም እንዲህ ሲል እስከ መቼ ማለቱ እንደሆነ አይናገርም። አብራቸው የምትኖረው የሟች እህት ቃሉን እንደ ሕግ አጥብቃ ያዘችው።

«እስኪሻላት ነው» አለችን። ተሻላቸው። «ጾሙ ይውጣ» አለች። ጾሙ ወጣ። «ክረምቱ ይለፍ እንጂ፣ በዚህ ብርድ ላይ እንዴት ተደርጎ!» አለች። ሐዋሳ ተቀምጦ ብርድን ሰበብ ማድረግ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ እሷ ግን ድፍረቱ አላነሳትም። ክረምቱም አለፈ።

መርዶ ወግ አለው። በእኛ ዘንድ ሞት እንደ ዜና ተነግሮ አያልፍም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ከፊት አስቀድሞ፣ በማለዳ በር ያንኳኳል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ፊት ሲያይ ማንም ሳይናገር ነገሩን ያውቀዋል፤ ቢሆንም አንድ ሰው አፍ አውጥቶ መናገር አለበት። እስኪነገረው ድረስ ሰው አያለቅስም፤ ድንኳን አይተከልለትም፤ ማንም መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አይለውም። አማርኛ «ተረዳ» ሲል ሁለት ነገር ማለቱ የሚገርመኝ ለዚህ ነው፤ ነገሩ ገባው ማለትም ነው፣ የዘመዱን ሞት ሰማ ማለትም ነው። ለእኛ ትልቁ መግባት እሱ ነው መሰለኝ። ሌላውን ሁሉ ባይገባንም እንኖራለን።

እማማ እንግዲህ ያልተረዱ እናት ነበሩ። እሳቸውን ላለማስረዳት ደግሞ አንድ ከተማ ተባበረ። የሕዝብ ተወካይ ነው የሞተው፤ በሬዲዮ ተነግሯል፣ በቴሌቪዥን ታይቷል፣ መናኸሪያ ያሉት ትኬት ቆራጮች ሳይቀሩ ያውቃሉ። እሳቸው ብቻ አያውቁም። ቤታቸው ዲሹ ተበላሸ ተባለ፤ ሠሪው በየሳምንቱ ሊመጣ ነው፣ አይመጣም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ሆነው ይሸኟቸዋል፤ ለክብር ሳይሆን ለጥበቃ። ጥቁር የለበሰች ሴት እማማን መንገድ ላይ ካየች ወደ ሱቅ ገባ ትላለች። ይቺ ከተማ ውኃ በፈረቃ እንኳን በወጉ ማዳረስ አቅቷት ታውቃለች፤ አንዲትን እናት በማታለል ግን እንከን አልነበራትም። እኔም አንዱ ነበርኩ። በማናቸውም ጉዳይ ከሰው ጋር አይስማማም የምባለው እኔ ሳልቀር የተስማማንበት ብቸኛው ነገር ይህ ነበር።

የዚህ ሁሉ ምሰሶ ስልኩ ነው። ሟቹ አዲስ አበባ የሚኖር ታናሽ ወንድም አለው፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ልጆች ሳለን እናታቸው ከጓዳ ሆነው አንዱን ሲጠሩ ሌላው «አቤት» ብሎ ይሮጥ ነበር፤ ያታልላቸው ነበር፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር። ያ ጨዋታ አሁን ሥራ ሆነ። ታናሽየው የወንድሙን ሲም ካርድ ሌላ ቀፎ ውስጥ ከቶ በየእሁዱ ለእናቱ ይደውላል። «እማዬ፣ ስብሰባ በዝቶብኝ ነው፣ ደህና ነሽ? መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» ይላል። ነገሩ ሲጠብቅበት ኔትወርኩ ይቆረጣል። በዚህ አገር የኔትወርክ መቆራረጥ ማንንም አያጠራጥርም፤ አጠራጣሪው ባይቆረጥ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። አሳ አጥማጆቹ የአሳ ሆድ ዕቃ የሚጥሉበት ቦታ ላይ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ መላጣቸውን ደፍተው፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ጠቅልለው፣ ቀብር ላይ እንደቆሙ ሹማምንት። ስልኬ ጠራ። አየሁት። የሟቹ ስም ነው። ፎቶውም አለ፣ እኔው ያነሳሁት፣ አፉን በማንኪያ ሙሉ ሾርባ ሞልቶ።

አላነሳሁትም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ኋላ ታናሽየው በራሱ ስልክ ደውሎ «ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ፣ ቀፎው ተቀላቅሎብኝ» አለኝ። እኔም «ምንም አይደል» አልኩት። ምንም አይደል አይደለም ግን። ከዚያ ቀን በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ስልኬ ባይጠራም፣ የሚጠራ ይመስለኛል። ስሙን ከስልኬ ላጠፋው አሰብኩ፤ ማጥፋት ደግሞ መርዶ መስሎ ታየኝና ተውኩት።

በዚህ ላይ ምርጫው መጣ። ማሟያ ምርጫ አሉት። የጎደለውን የሚሞላ ማለታቸው ነው። ሰው እንደ ጀሪካን ይጎድላል፣ ይሞላል። ሞንታርቦ የጫነች ፒክአፕ ከባህል አዳራሽ ተነስታ ወደ መናኸሪያ እየተንፏቀቀች በአማርኛም በሲዳምኛም ለፈፈች፦ «በተጓደለው መቀመጫ ምትክ ተወካይዎን ይምረጡ!» ድሮ የእድር ጥሩምባ ነፊ በማለዳ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ሞት ይናገር ነበር። እሱ እንኳ «እገሌ አርፏል» ይላል። መኪናዋ «ተጓድሏል» አለች።

በእማማ በር ሦስቴ ተመላለሰች። እህትየው መጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮ ከፈተች፣ ሁለተኛውን ጊዜ ሽንኩርት መውቀጥ ጀመረች። በሦስተኛው እማማ «ምርጫ ነው እንዴ የሚለው?» አሉ። ደነገጠች። «ውሸት ሲያልቅብሽ ያለሽን ትይዣለሽ» አለችኝ ኋላ። «አዎ እማዬ፣ እንደገና ሊወዳደር ነው» አለቻቸው።

«ታዲያ እኔ ካልመረጥኩት ማን ሊመርጠው ነው?» አሉና ነጠላቸውን አነሱ። የዚያኑ ዕለት ተመዘገቡ።

እህትየው ማታውኑ ቤቴ መጣች። ቁጭ አላለችም።

«አንተ ነህ የምትወስዳት» አለች።

«እኔ? እኔ ምርጫ ጣቢያ ደጅ ደርሼ አላውቅም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ በጋዜጣ ጽፈኸዋል። ለዚህ ነው አንተን የፈለግኩት። ማንም ከማንም ጋር አያይዝህም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ምልክቱ ያው ነው። ፓርቲው ምልክቱን አልቀየረም። ወንፊቱን አሳያት፣ ምልክት ታድርግበት፣ ይዘሃት ተመለስ። በቃ።»

ወንፊት የጓደኛዬ ፓርቲ የምርጫ ምልክት ነበር። «ገለባውን እንለያለን» ይል ነበር በቅስቀሳው ጊዜ። «ውኃ ግን አትቋጥሩም» ብዬው ነበር። አሁን ወንፊቱን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ይሁን ክፉ አላውቅም፣ ፎቶው ላይ ክራቫቱ አንቆታል። መናኸሪያው አጥር ላይ የዚህን ሰው ፖስተር ከጓደኛዬ የድሮ ፖስተር ላይ ለጥፈውታል። ሙጫው መናኛ ነው መሰለኝ፣ አንድ ዝናብ ሲመታው የአዲሱ ሰው ግንባር ተላጠና የጓደኛዬ ዓይኖች ከሥሩ ወጡ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር በሰው ፊት ውስጥ ሆኖ ያየኛል።

«ሞቶም ይመረጣል ማለት ነው» አልኳት ለእህትየው።

«ቀልድህን ለሌላ ቀን አድርገው።»

«ከዛሬ ነገ መነገር የለበትም ወይ ግን?»

«ልቧ ቢቆምስ? አንተ ትነግራታለህ? በል ንገራታ!»

በጽሑፍ ማንንም ፈርቼ አላውቅም። ወረቀት አይወድቅብህም።

ምርጫው የዋለው እሁድ ነው። የቀኑን ነገር ማናችንም ልብ አላልነውም። እማማ ለጥምቀት የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ አጣፍተው፣ ትንሿን ቦርሳቸውን አንግተው በር ላይ ጠበቁኝ። ልባቸው ታሞ የነበረ ሰው አይመስሉም። ባጃጅ ተሳፈርን።

«እማማ፣ ወዴት ልውሰድዎት?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ልጄን ልመርጥ።»

ሰውየው በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ዓይኔን ወደ ውጭ አዞርኩ። መንገዱን ሁሉ የወትሮ ዘፈኑን ሳይከፍት ወሰደን፤ ስንወርድም «አይ፣ ለእሳቸው አልቀበልም» ብሎ እጁን አወናጨፈ። እማማ ይህን ሁሉ አዩ። ኋላ ሳስበው በዚያን ቀን ያልተናገሩት ነገር ሁሉ ሲቆጥሩት የነበረ ነገር ነው።

ምርጫ ጣቢያው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተተከለ ድንኳን ነበር። ድንኳኑ ደግሞ የሰፈሩ እድር ድንኳን ነው፤ ከየት ይመጣል ሌላ? ወንበሮቹም የእድሩ ናቸው፤ በጀርባቸው ላይ የእድሩ ምልክት በቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። አሮጊቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። የእድሩ ዳኛ ራሱ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሰልፉ መሐል ቆሟል። እማማን ሲያይ ባርኔጣውን አነሳ፤ መልሶ ለማድረግ ጊዜ ወሰደበት። ልቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። ንፍሮ ብቻ ነው የጎደለው።

«የእኛው ድንኳን ነው?» አሉኝ እማማ።

«አዎ እማማ።»

«ያቺ የጎበጠችው ብረት አለች?» ፈልገው አገኟት፣ በእጃቸው ዳሰሷት። «በባሌ ልቅሶ ጊዜ ልጄ ነው ያጎበጣት። ተደግፏት ሲያለቅስ። ያኔም ከባድ ነበር።»

ሰልፉ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ማንም ሳያዝዝ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው አስመራጭ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ሴት ናት፤ አፍ የፈታችው በሲዳምኛ ነው፣ አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው፣ ጥንቁቅና ጨዋ። «ስልክ ይጠፋል» አለች፤ የእኔን አጠፋሁ። የእማማን አላሰብኩትም። መታወቂያቸውን አየች፣ ጣታቸውን ቀለም ቀባች፣ ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት ደግሞ በመመሪያው መሠረት መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች። አረጋዊ መራጭ ከፈለገ ወረቀቱን የሚያነብለት ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። «የሚረዳዎት ሰው አለ ወይ» ልትል ነው የፈለገችው።

«እማማ፣ የሚያረዳዎት ሰው ይዘው መጥተዋል?» አለች።

አንዲት ፊደል ናት። «የሚረዳ» ያግዛል፣ «የሚያረዳ» መርዶ ይናገራል። የእድሩ ዳኛ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቱ ፊታችንን አይታ አንድ ነገር እንዳበላሸች ገባት፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም፤ «ይቅርታ፣ ማለቴ…» ብላ ቆመች። ከሆስፒታሉ ጀምሮ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለእማማ የተነገረ አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ያ ነው።

እማማ ክንዴን ያዙ። ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር፤ ሸሚዜ ላይ ቀረ።

«አዎ የኔ ልጅ» አሏት። «የሚረዳኝማ ሞልቷል። የሚያረዳኝ ነበር ያጣሁት። ይኸው ይዤው መጣሁ።»

ካርቶን ወደተጋረደበት ጠረጴዛ ሄድን። ሁለታችን ጎንበስ ስንል የውጭው ድምፅ ራቀ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። እጄ የማታለሉን ሥራ እንደ ተማረው ቀጠለ፣ አፌም።

«ይኸው ወንፊቱ እማማ፣ እዚህ ላይ ምልክት ካደረጉ…»

«ወንፊቱን አየሁት። አልታወርኩም። ስሞቹን አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ከላይ ጀምሬ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ፤ ምናልባት እስክጨርስ አንድ ነገር ይመጣ ይሆናል እያልኩ። ወረቀቱ አጭር ነው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አንድ ዘለልክ?»

«አልዘለልኩም እማማ።»

«እስቲ ደግመህ።»

ደግሜ አነበብኩ። ወንፊቱ ጋ ስደርስ የዚያን ክራቫት ያነቀውን ሰው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራሁት። የሰውየውን ስም አክብሬ ማንበቤ ትዝ ይለኛል፤ ምንም አላጠፋም እኮ።

«ይሄኛው የማን ልጅ ነው?»

«አላውቀውም።»

«የእኔስ ልጅ?»

መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ስለ ሞት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤ አሽሟጥጫለሁ። በዚያች ሰዓት ከሁሉም ውስጥ አንድ ቃል ተረፈችኝ፤ ቤት ውስጥ ያልተገኘ ሰው ሲጠየቅ ልጅ እንኳ በር ላይ ቆሞ የሚላት።

«የለም» አልኳቸው።

ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ። ልባቸውን አዳመጥኩ ብል ማጋነን አይሆንም፤ እሱን ብቻ ነበር የማዳምጠው። እስትንፋሳቸው ተቆረጠ፣ ቆየ፣ ተመለሰ።

«የታመምኩ ጊዜ ነው?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ልጄ በሕይወት እያለ እሁድ እሁድ ደውሎልኝ ያውቃል? ለፋሲካ አንዴ፣ ለእንቁጣጣሽ አንዴ፣ እሱንም ካስታወሰ። ከሆስፒታል ስወጣ በየሳምንቱ መደወል ጀመረ። መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ ይለኛል። ያኔ ሞቷል አልኩ።» ወረቀቱን ቀለም በነካው ጣታቸው ዳበሱት። «ሳሉንም ትቶታል። ታናሹ ማሳል አይችልበትም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ እማማ?»

«ማን ነግሮኝ? በር ያንኳኳ ሰው አለ? እናንተ ሁላችሁ ደህና ነው ስትሉ እኔ ብቻዬን ልጩህ? እብድ አትሉኝም? ልጄን ሳልቀብረው፣ ሳላለቅስለት፣ በየእሁዱ ስልክ እያነሳሁ ‘ደህና ነኝ’ ስለው ከረምኩ። እሱም በየእሁዱ ይሞታል። ዛሬ ይሄን ሁሉ ሰው ተሰልፎ ሳየው፣ ድንኳኑን ሳየው፣ ይኸው መጡ አልኩ።»

እስክሪብቶውን ላቀብላቸው ነበር። ገፉት። ወረቀቱን ምንም ሳይጽፉበት አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት።

«ባዶውን ካስገባሁት ምን ይሉታል?»

«ዋጋ የሌለው ድምፅ ይባላል።»

«ይበሉት።»

ስለ ባዶ ወንበር የጻፍኩት ነገር በጆሮዬ ላይ ጮኸ። ብዙ ሰው ስቆበታል። እሳቸው ቢያነቡት ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም።

ሳጥኑ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱን ቀዳዳው ላይ አድርገው ወዲያው አልለቀቁትም። ቀብር ላይ ዘመድ አፈር ሲያለብስ አይታችሁ ከሆነ፣ እጁ እንዴት እንደሚዘገይ፣ እንደዚያ ነው። ከዚያ ለቀቁት። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ገለበጡት፣ አረንጓዴው ጥለት ወደ ፊታቸው እንዲመጣ ዘቅዝቀው ለበሱት። ሐዘንተኛ እንደዚያ ነው የሚለብሰው። ድንኳኑ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ።

ሲጮሁ ስሙን ነው የጠሩት። በዚያ ድንኳን ያ ስም በዚያ ቀን መጠራት አልነበረበትም።

«ይሄማ ቅስቀሳ ነው!» አለ ጥግ ላይ የተቀመጠ የአንዱ ፓርቲ ወኪል፣ ተነስቶ። «ሰልፉ እየሰማ ነው! የወንፊቱን ሰው እያስታወሱ ነው፣ ይመዝገብልኝ!»

«ቁጭ በል አንተ!» አለው የእድሩ ዳኛ።

«ሕግ አለ እኮ አባቴ!»

«ድንኳኑ የእድር ነው። ሕግህን ነገ በራስህ ድንኳን።»

አስመራጯ ልጅ ሁለቱንም አየቻቸው። ከወንበሯ ተነሳች፣ ወንበሩን ይዛ ወጣችና ለእማማ አስቀመጠችላቸው። «መራጭ ነበሩ፤ መርጠው ጨርሰዋል» አለች ለወኪሉ። «አሁን ሐዘንተኛ ናቸው። ስለ ሐዘንተኛ መመሪያው ምንም አይልም።» አማርኛዋ በዚህ ጊዜ አንድም ፊደል አልሳተም። እሷ ቆማ ነው ያንን ቀን የሠራችው።

ሰልፉ አልተበተነም። ሰው እየገባ መረጠ፣ እየወጣ እማማ አጠገብ ተቀመጠ። ቀለም የነካ ጣቱን እንደያዘ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላል፤ እማማም «አሜን» ይላሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ «ያጽናዎት» ነበረ ከተማው ላይ፤ እዚያው ተራገፈ።

በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ። ቦርሳቸው ውስጥ። እሁድ ነው፣ ሰዓቱ ነው፣ እህትየው ለወንድሟ የነገረችው ነገር አልነበረም፤ እኔም አልነገርኩት። እማማ አወጡት። የስልኩ መስተዋት ላይ ሟቹ በምርጫ ፖስተሩ ፈገግታ ያየናል፣ ይጠራል። አጠገባቸው ያለችው ሴት አማተበች። ክልክል ነው ያለ የለም፤ ወኪሉ እንኳ።

አነሱት።

«ሄሎ እማዬ» አለ ድምፁ። አቤት መመሳሰሉ። «ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው፣ ደህና ነሽ? መድኃኒትሽን…»

«ልጄ» አሉት እማማ፤ በታናሹ ስም ጠሩት፣ በራሱ ስም። ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በር ላይ እንደቆመ ሽማግሌ። «ቁጭ ብለሃል? ሰው አጠገብህ አለ? እሺ። ስማኝ የኔ ጌታ። ወንድምህ ሞቷል።»

ኔትወርኩ ያን ቀን አልተቆረጠም። በየእሁዱ ወንድሙን ሲሆን የከረመው ታናሽየው ጮኸ፤ የወንድሙ ባልሆነ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የልጅነቱ። እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ «አይዞህ፣ አልቅስ፣ አልቅስ» ይሉታል፤ ሰልፉም በአንድ ሰው ያህል ወደፊት ፈቀቅ አለ።